«ከ» እና «ወደ» ደረጃ ያሳጣሉን? የገጽ ርዕስ፣ አገናኝ ቃላትና የፍለጋ ውጤት

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በላሊበላ ለሆቴሎች፣ ለአስጎብኚዎች፣ ለሸማ ነጋዴዎችና ለአካባቢ ዜና አቅራቢዎች ድረ ገጽ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይዘዋወራል። ከገጹ ርዕስ ላይ «ትርፍ» ቃላትን አውጡ፤ ጎግል የሚፈልገው ቁልፍ ቃላትን ብቻ ነው፤ የቀረው ደረጃችሁን ዝቅ ያደርገዋል ይላል። ምክሩን ሳያመነታ የተከተለ ሰው «ከደሴ ወደ ላሊበላ በመኪና ለሚጓዝ ሰው የሚጠቅም መረጃ» የሚለውን ርዕስ «ደሴ ላሊበላ መኪና ጉዞ መረጃ» አድርጎ ይቆርጠዋል። ርዕሱ አጥሯል፣ ስሞቹም አልጎደሉም። ነገር ግን ጉዞው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ገጹም ለማን እንደተጻፈ የሚናገር ነገር አልቀረበትም።

ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ማረፊያ የሚያፈላልግ እንግዳም ሆነ ስለ አንድ ወረዳ መረጃ የሚሻ ተማሪ ከማንኛውም ገጽ አስቀድሞ የሚያየው ያንን አንድ መስመር ስለሆነ፣ ምክሩ የቱ ላይ ልክ፣ የቱ ላይ ስሕተት እንደሆነ ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያሳየው፣ ምክሩ ለሌላ ቋንቋና ለሌላ ዘመን ተብሎ የተዘጋጀ መሆኑን ነው። እንዳለ ወደ አማርኛ ሲዛወር ትርጉም የተሸከሙትን ፊደላት ያስጥላል፤ በእርግጥ ትርፍ የሆኑትን ቃላት ደግሞ ሳይነካ ያልፋቸዋል።

«የገጽ ርዕስ» ሲባል በገጹ ኮድ ውስጥ ተጽፎ በብራውዘሩ ትር ላይና በፍለጋ ውጤት ዝርዝር ውስጥ ጎልቶ የሚታየው መስመር ማለት ነው። ገጹ ሲከፈት በጽሑፉ አናት ላይ በትልቁ ከሚነበበው አርእስት ጋር አንድ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «የፍለጋ ደረጃ» የምንለው ደግሞ አንድ ጥያቄ ሲጻፍ ገጹ በውጤቱ ዝርዝር ላይ ስንተኛ ሆኖ እንደሚወጣ ነው።

ምክሩ የተወለደበት ዘመን

በመረጃ ፍለጋ ሙያ «ስቶፕ ወርድ» የሚባሉት፣ በየዓረፍተ ነገሩ የሚደጋገሙ፣ ብቻቸውን ሲቆሙ ግን ስለ ምን እንደሚወራ የማይናገሩ፣ እንደ «ወደ»፣ «እና»፣ «ነው» ያሉ ቃላት ናቸው። ማሽኑ ሳይቆጥራቸው ስለሚያልፋቸው በአማርኛ «ታላፊ ቃላት» ብንላቸው ያስኬዳል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአይቢኤም ይሠራ ከነበረው ከሐንስ ፒተር ሉን ጋር ተያይዞ ይነሣል። በዚያ ጊዜ የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እጅግ ውድ ነበር። ብራውን ኮርፐስ ተብሎ በሚታወቀውና አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት በያዘው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ «ዘ» የምትለው ጠቋሚ ቃል ብቻዋን ከ100 ቃላት ወደ 7 የሚጠጋውን ቦታ ትይዛለች። እንዲህ ያሉ ጥቂት ቃላትን ከማውጫው ማስወጣት ብዙ ቦታ ይቆጥብ ነበር፤ በፍለጋው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ ትንሽ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ልማዱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። ብዙ ድረ ገጾች ለውስጥ ፍለጋቸው የሚገለገሉበት ሉሲን የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ለረዥም ጊዜ 33 የእንግሊዝኛ ታላፊ ቃላት ያሉበት ዝርዝር ይዞ ይመጣ ነበር። ጎግልም በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ በጣም የተለመዱ ቃላትን ከጥያቄው አውጥቶ፣ ማውጣቱንም ለፈላጊው ይነግር ነበር። ቃሉ እንዲቆጠርለት የፈለገ ሰው ከፊቱ የመደመር ምልክት ይጽፋል፤ ይህ የምልክቱ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2011 ቀርቷል። ድረ ገጽ ሠሪዎች ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ትምህርት፣ ማሽኑ የማይቆጥረውን ቃል ርዕስ ላይ ማስፈር ቦታ ማባከን ነው የሚል ነበር። በጊዜው ይህ አስተሳሰብ መሠረት ነበረው።

ማሽኑ ቃልን እንዴት ይመዝናል

ታላፊ ቃላትን ቆርጦ የመጣሉን አስፈላጊነት ያዳከመው አንድ ቀላል የሒሳብ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ይህ ሐሳብ፣ የአንድ ቃል ክብደት በስንት ሰነዶች ውስጥ እንደሚገኝ ታይቶ ይወሰን፣ በጥቂቶች የሚገኝ ቃል ይክበድ፣ በሁሉም የሚገኝ ይቅለል የሚል ነው።

በምሳሌ እንየው። 1000 የአማርኛ ገጾች አሉ እንበል። «ነው» የሚለው ቃል በ900ዎቹ ውስጥ፣ «አምባሰል» የሚለው ደግሞ በ4ቱ ብቻ ይገኛል። ጠቅላላውን የገጽ ብዛት ቃሉ ለሚገኝባቸው ገጾች አካፍለን የውጤቱን ሎጋሪዝም በ10 መሠረት ስናሰላ፣ ለ«ነው» 0.05 እንኳ የማይሞላ ክብደት ይደርሰዋል፤ ለ«አምባሰል» ግን 2.4 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አምባሰል የት ነው» ብሎ ቢፈልግ ማሽኑ «ነው»ን ማጥፋት አያስፈልገውም፤ ቃሉ በራሱ ሚዛን ቀሎ ይቀመጣል። በርዕስ ላይ ያለ አገናኝ ቃል ገጹን እንደ ቅጣት ወደ ታች ይጎትተዋል የሚለው እምነት ከዚህ ስሌት ጋር አይሄድም። የቃሉ ክብደት ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም።

ለተቃራኒው ወገን የሚጠቅም አንድ ነጥብ ግን አለ፤ ሊታለፍም አይገባውም። ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ የውጤት ቀመሮች የጽሑፉን ርዝመት ያሰላሉ። አንድ ቁልፍ ቃል በአምስት ቃላት ርዕስ ውስጥ ሲገኝ በዐሥራ አምስት ቃላት ርዕስ ውስጥ ከሚገኝበት ይልቅ ጥቂት ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ወይም በአንድ ሱቅ የውስጥ ፍለጋ ላይ ይህ ልዩነት ሊታይ ይችላል። እጅግ ብዙ መለኪያዎችን በአንድነት በሚያየው በጎግል ዓይነቱ ፍለጋ ላይ ግን አንዲት «ወደ» ቢቀነስ ወይም ቢጨመር የሚመጣውን ለውጥ ለይቶ ማየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ማሽኖች ቃላትን በነጠላ መቁጠር ትተው ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር ማንበብ ሲጀምሩ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 በርት የተባለውን የቋንቋ ሞዴል በፍለጋው ላይ ማዋሉን ሲያስታውቅ የሰጠው ምሳሌ በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። አንድ የብራዚል መንገደኛ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቃል። የቀድሞው አሠራር «ወደ» የሚል ትርጉም ያላትን አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ክብደት ስላልሰጣት፣ ወደ ብራዚል ለሚሄዱ አሜሪካውያን የተጻፈ ገጽ ያመጣ ነበር፤ አዲሱ አሠራር አቅጣጫውን ለየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞዴሉ ከ70 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ሲስፋፋ አማርኛም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ለአማርኛ ያለው ብቃት ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ለሥልጠና የሚሆነው የአማርኛ ጽሑፍ ብዛት ከእንግሊዝኛው ጋር የሚወዳደር አይደለምና። የአካሄዱ አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

ነገሩ አማርኛ ላይ ሲደርስ

ከውጭ የተቀዳው ምክር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ መስተዋድዶቹንና ጠቋሚ ቃላቱን ለብቻቸው ነጥሎ ይጽፋል፤ ስለዚህ ዝርዝር አዘጋጅቶ እነርሱን መልቀም ይቻላል። አማርኛ ግን «የ»ን፣ «በ»ን፣ «ከ»ንና «ለ»ን ከስሙ ራስ ላይ፣ «ና»ን፣ «ም»ንና «ው»ን ደግሞ ከጅራቱ ላይ ይለጥፋል። «በደሴ»፣ «የደሴ»፣ «ከደሴ»፣ «ለደሴና» የሚሉት ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፤ ፊደል ለሚቆጥር ማሽን ግን አራት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑበት ይችላሉ።

ይህን ለማስታረቅ ቃሉን ከቅጥያዎቹ አራቁቶ ወደ ግንዱ የሚመልስ አሠራር አለ። በዚህ መስክ ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ አማርኛ ያሳተሙት ጥናት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ለዚህም የወሎን ካርታ መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያዋ ፊደል ቅጥያ ናት ብሎ የሚነጥቅ ማሽን ከሚሴን «ሚሴ»፣ ከላላን «ላላ»፣ ለጋምቦን «ጋምቦ»፣ የጁንም «ጁ» ያደርጋቸዋል። እንዲህ የሚያደርግ ማሽን «ከከሚሴ» እና «የየጁ» የሚሉትን በትክክል ሲፈታ፣ «ከሚሴ» እና «የጁ» ብቻ ሲጻፉለት ይሳሳታል። የኮምቦልቻ ዙሪያው የቃሉ ወረዳ ደግሞ በጅራቱ በኩል ይቸገራል። «ቃሉ» የወረዳ ስም ሊሆን ይችላል፤ «ያ ቃል» ወይም «የእርሱ ቃል» ሊሆንም ይችላል፤ በሃይማኖት ጽሑፎችም በየገጹ ይገኛል። «ቃሉ ጤና አገልግሎት» ተብሎ የተቆረጠ ርዕስ ማሽኑንም አንባቢውንም ያደናግራል፤ «በቃሉ ወረዳ የሚሰጥ የጤና አገልግሎት» የሚለው ግን ቦታ መሆኑን ከሁለት በኩል ያስረዳል። በዚህ ርዕስ ላይ «በ» እና «ወረዳ» ሥራ እየሠሩ ናቸው።

ሐይቅም እንዲሁ ነው። ከተማው ስሙን የወሰደው ከሐይቁ ስለሆነ «ሐይቅ ሆቴል» የሚል ርዕስ በሐይቅ ከተማ ያለ ሆቴል፣ በየትኛውም ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ ወይም ስሙ «ሐይቅ» የሆነ ሆቴል ሊሆን ይችላል። «በሐይቅ ከተማ» እና «በሐይቁ ዳር» የሚያደርጉትን ልዩነት ማንም የተሁለደሬ ነዋሪ ሳይነገረው ያውቀዋል። ባቲም ለአንዱ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ነው፤ ለሌላው ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ ነው። አምባሰልም እንደዚሁ ወረዳም ቅኝትም ነው። «ባቲ ትምህርት» የሚለው ርዕስ የክራር ተማሪውን ከትምህርት ቤት ፈላጊው ወላጅ ጋር ያጋጫል፤ «በባቲ ቅኝት ክራር መማር» የሚለው ሁለቱን ይለያያል።

አቅጣጫን በተመለከተ ከደሴና ኮምቦልቻ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ» ማለት የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ፣ «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ» ማለት ደግሞ ያንኑ አቀበት መውጣት ነው። የጭነት ዋጋ፣ የመኪናው ድካምና የሚፈጀው ሰዓት ይለያያል። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚለዩአቸው ምክሩ «ትርፍ» ብሎ የሚያስጥላቸው «ከ» እና «ወደ» ብቻ ናቸው። ሲወጡ «ደሴ ኮምቦልቻ» ይቀራል፤ ይህም ጥያቄም መልስም አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ከአገናኝ ቃላት ይልቅ ብዙ ገጾችን የሚጎዳ ሌላ ነገር መነሣት አለበት፤ እርሱም የሆሄያት ልዩነት ነው። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» በድምፅ አንድ፣ በኮምፒዩተር የፊደል ቁጥር ግን ሦስት ናቸው። የፍለጋ ሞተሩ ሞክሼ ፊደላትን የማያቻችል ከሆነ፣ ርዕሱን በአንደኛው የጻፈ ገጽ በሌላኛው ለጻፈ ፈላጊ ሊርቅ ይችላል። ለዚህ ርዕሱን በሦስት ሆሄ መደርደር መፍትሔ አይሆንም። ርዕሱ ላይ ትክክለኛውን «ሐይቅ» ይዞ፣ በገጹ ሐተታ ውስጥ ሰዎች የሚጽፉትን ሌላ አጻጻፍ በተፈጥሮው ቦታ አንዴ ማስገባት ይሻላል።

ምክሩ ልክ የሚሆንበት ቦታ

ይቆረጥ የሚሉት ወገኖች ጠንካራው መከራከሪያቸው የቦታ ጉዳይ ነው፤ በዚህም ላይ እውነት አላቸው። ጎግል ለርዕስ ርዝመት ያስቀመጠው ገደብ የለም፤ ነገር ግን ከማሳያው ስፋት ያለፈውን ቆርጦ ነጠብጣብ ያስቀምጣል። ለላቲን ፊደል በተለምዶ የሚመከረው ከ50 እስከ 60 ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በአብዛኛው ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል በዚያው ስፋት የሚገባው ቁጥር ያንሳል። በሌላ በኩል አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ በጥቂት ፊደል ብዙ መናገር ይቻላል። «ከ» የምትወስደው ቦታ የአንዲት ፊደል ነው፤ እርሷን በማውጣት የሚገኝ ትርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ቦታውን የሚበሉት ሌሎች ናቸው። «ሰበር ዜና»፣ «እንዳያመልጥዎ»፣ «ሙሉ መረጃ»፣ «አስደናቂው»፣ «ምርጥ» እና መሰሎቻቸው በሰዋስው ሚዛን አገናኝ ቃላት አይደሉም፤ ስለዚህም ከየትኛውም የታላፊ ቃላት ዝርዝር ያመልጣሉ። በሥራቸው ግን ከ«ነው» የባሱ ናቸው። «ነው» ቢያንስ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ «ሰበር ዜና» ከሦስት ሳምንት በኋላ በፍለጋ ለሚመጣ አንባቢ የሚነግረው አንዳች ነገር የለም። እነዚህ ቃላት በብዙ ገጽ ላይ ስለሚገኙ ቀደም ሲል ባየነው ስሌት ክብደታቸው ቀላል ነው፤ ርዕሱ በሚጀምርበት፣ ስልክ ላይ በማይቆረጠው ስፍራ መቀመጣቸው ደግሞ ስሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። «ሰበር ዜና! እንዳያመልጥዎ! ስለ ባቲ ገበያ ሙሉ መረጃ» የሚለውን «የባቲ የሰኞ ገበያ፦ የግመል፣ የከብትና የሸማ መሸጫ ስፍራዎች» ከሚለው ጋር አስተያይቶ የትኛውን እንደሚከፍት ለመወሰን የፍለጋ ባለሙያ መሆን አያሻም።

ሦስተኛ አስተያየትም አለ፤ ጎግል ርዕሱን እንደፈለገ ስለሚቀይረው ብዙ መጨነቅ ከንቱ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ኩባንያው ርዕስ የሚያሳይበትን መንገድ ለውጦ፣ ከገጹ አርእስትና ከሌሎች ጽሑፎች ጭምር ርዕስ መሥራት መጀመሩ እውነት ነው። ሆኖም በቀጣዩ ወር ራሱ እንደገለጸው፣ በገጹ ኮድ የተጻፈው ርዕስ ጥቅም ላይ የሚውለው ከ100 ጊዜ በ87ቱ ነው። የሚቀየሩትም በአመዛኙ ባዶ የቀሩ፣ ያረጁ፣ በየገጹ የተደገሙ ወይም በቁልፍ ቃላት የታጨቁ ናቸው። «ደሴ ሆቴል ርካሽ ሆቴል ደሴ ምርጥ ሆቴል ወሎ» ተብሎ የተደረደረ ርዕስ ማሽኑን ለማስደሰት ቢጻፍም፣ ለመቀየር የመጀመሪያው እጩ እርሱ ነው።

የሰው ምርጫም ወደ ደረጃው ተመልሶ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ በጎግል ላይ በተካሄደው የገበያ ብቸኝነት ክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የኩባንያው የፍለጋ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፓንዱ ናያክ በሰጡት ምስክርነት ናቭቡስት የተባለው ሥርዓት የተጠቃሚዎችን ጠቅታ ለደረጃ እንደሚጠቀም ተናግረዋል። ስለዚህ ለጆሮ የማይጥም፣ አማርኛነቱ የተሰበረ ርዕስ አንባቢውን ካሸሸ፣ ጉዳቱ ከዚያች ዕለት ጎብኚ አልፎ ሊሄድ ይችላል።

የገጹ አድራሻ ሌላ ነገር ነው

ርዕስና አድራሻ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይነገራሉ፤ መለየት ግን አለባቸው። በአድራሻው ላይ ማሳጠር ተግባራዊ ምክንያት አለው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በአድራሻ ውስጥ ሲገለጽ በ3 ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ አንዲት ፊደል 9 ምልክት ትሆናለች። «እና» ብቻዋን 18፣ «ከደሴ-ወደ-ላሊበላ» ደግሞ 83 ምልክት ይወጣቸዋል። ብራውዘሩ በግዕዝ አስውቦ ቢያሳየውም፣ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ማንም ሊያነበው የማይችል የመቶኛ ምልክቶች ሰንሰለት ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ አገናኝ ቃላትን መቀነስ ምክንያታዊ ነው፤ ደረጃን ከፍ ያደርጋል ተብሎ ግን አይደለም። ለዓመታት የኖረን አድራሻ ለማሳጠር ብሎ መቀየር ደግሞ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ማዛወሪያ ካልተሠራለት ከሌሎች ገጾች ወደ እርሱ የሚመሩትን የተከማቹ ሊንኮች ይሰብራል፤ ጥቂት ፊደል ለመቆጠብ የማይከፈል ዋጋ ነው።

ለውጡን በገዛ ገጽ ላይ መመልከት

ሰዎች ፍለጋን በስልክ፣ አንዳንዴም በድምፅ፣ ሙሉ ጥያቄ አድርገው ማቅረብ እየለመዱ ሲሄዱ የጥያቄው ቅርጽ ወደ ተራ ንግግር ይጠጋል። «ላሊበላ ለገና» ከማለት ይልቅ «ለገና ላሊበላ ውስጥ የት ማደር ይቻላል» ይላሉ። እንዲህ ላለው ጥያቄ የተሟላ ሐረግ የሆነ ርዕስ ከተቆራረጡ ስሞች ይልቅ ይቀርበዋል። በዚህ ምክንያት የመቁረጡ ምክር ጥቅም እየቀነሰ መሄዱ የማይቀር ይመስላል።

በግምት ላይ ከመመሥረት ግን መለካት ይቻላል። ጎግል ሰርች ኮንሶል የተባለው ነጻ መሣሪያ አንድ ገጽ በየትኞቹ ጥያቄዎች እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና በአማካይ ስንተኛ እንደወጣ ያሳያል። የአንድ ገጽ ርዕስ ብቻ ለውጦ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ፣ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅና የቀደመውን ከአዲሱ ማነጻጸር የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ከቁጥሮቹ ይልቅ የጥያቄዎቹ ዝርዝር ብዙ ያስተምራል። ሰዎች «ሀይቅ» እያሉ ይሁን «ሐይቅ»፣ «ደሴ ሆቴል» ይሁን «ደሴ ውስጥ ሆቴል» የሚጽፉት፣ እዚያው ይታያል። «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ» የሚለው ገጽ «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ» ብለው ለፈለጉ ሰዎች ደጋግሞ ታይቶ ሳይከፈት ከቀረ፣ ርዕሱን መቁረጥ ሰዎቹን አያመጣቸውም፤ አቀበቱን ለሚወጡት የራሳቸው ገጽ መጻፍ አለበት።